ከደረስጌ እስከ መቅደላ፤ ሞትን የመቀበል ነገር በልብ ወለዳችን

በሰሜን ተራሮች፣ ከጃናሞራዋ መካነ ብርሃን ብዙ ሳትርቅ የምትገኘው ደረስጌ ማርያም፣ አንዱ ሊነግሥባት አሳንጿት ሌላው የነገሠባት ቤተ ክርስቲያን ናት። ያሳነጿት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ሲሆኑ በሥራው ጀርመናዊው የዕፀዋት ሊቅ ሺምፐር ተካፍሏል። የዕፀዋት ሊቅ ሕንፃ ሲያሠራ መስማት የዛሬውን ባለሙያ ፈገግ ያሰኝ ይሆናል፤ መሐንዲስ ባልነበረበት አገር ግን ጥቂት የሚያውቅ ሁሉ መሐንዲስ ነበር። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ውቤ በዚያው አካባቢ ድል ሆነው ተማረኩ። ከጥቂት ቀናት በኋላም በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ዘውድ የደፉት የቋራው ካሳ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ሆኑ።

የመቅደላን ፍጻሜ ለመረዳት ከደረስጌ መነሣት ይገባል። ድል የተመታ መስፍን ምን እንደሚገጥመው ቴዎድሮስ ከማንም ይልቅ ያውቁ ነበር፤ ውቤን ለብዙ ዓመታት በእስር ያቆዩአቸው እርሳቸው ናቸውና። በ1860 ዓ.ም. በስቅለት ዕለት ሠራዊታቸው ከመቅደላ በታች በእንግሊዞች ተመታ። አውሮፓውያኑን እስረኞች ለቀቁ፤ እጃቸውን ግን አልሰጡም። በፋሲካ ማግስት፣ ሚያዝያ 6 ቀን፣ በገዛ ሽጉጣቸው ሞቱ።

ራስን መግደል በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ከባድ ኃጢአት ነው፤ ፍትሐትም ያስከለክላል። ሆኖም የአማርኛ ደራስያን ይህንኑ ሞት የክብር ምልክት አድርገው ተቀብለውታል። የጎንደሩ ተወላጅ ብርሃኑ ዘሪሁን፣ በአዲስ አበባ ተግባረ እድ የተማረ በመሆኑ ለሙያችን ቤተ ዘመድ የሚሆነው ደራሲ፣ «የቴዎድሮስ እንባ»ን በ1958 ዓ.ም. አሳተመ፤ አቤ ጉበኛም «አንድ ለናቱ»ን አስከተለ። ነገር ግን የመቅደላው ሞት በእርግጥ ሞትን መቀበል ነውን? ይልቁንስ ምርኮን እምቢ ማለት ይመስላል። ሞትን የተቀበለ ሰው ሰዓቱን አይመርጥም፤ ንጉሡ ግን ሰዓቱንም ስፍራውንም መሣሪያውንም መርጠዋል።

ሰዓቱን ሳይመርጥ ሞትን የተቀበለ ሰው የሚገኘው በዚያው በ1958 ዓ.ም. በወጣው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ነው። በዛብህ በሽፍቶች ቆስሎ ሲያጣጥር ሰብለ ወንጌል ትደርስበታለች፤ ዘግይታም ቢሆን ደርሳለች። ከሞቱም በኋላ ራሷን አታጠፋም፤ ትመነኩሳለች። በእኛ ሥርዐት የሚመነኩስ ሰው በቁሙ ፍትሐት እንደሚደረግለት ያስተዋለ አንባቢ፣ የሰብለን ምንኵስና ከሐዘን መሸሻነት ከፍ አድርጎ ያየዋል። ከመቃብሩ አፋፍ ቆማ፣ መሞቷን አምና የምትኖር ሴት ናት። ጉዱ ካሳም ጭምር በአንድ መቃብር መዋላቸው እንግዲህ ቀድሞ የተጀመረ ሞት ማለቁ ነው። ከሁለቱ ሞቶች የሚከብደው ይኸኛው ነው፤ ሽጉጥ አንዴ ይጮኻል፣ የሰብለ ግን በየማለዳው የሚደገም ነበር።

ከዚህ ሁሉ መካከል ልብ ወለድ ሳይጠግብ ያለፋት አንዲት ሴት አለች፤ የውቤ ልጅ፣ የቴዎድሮስ ሚስት፣ እቴጌ ጥሩወርቅ። የአባቷን መማረክ አየች፤ የማረካቸውን ንጉሥ አገባች፤ የእርሳቸውንም ሬሳ አየች። አገር ለቆ ከሚወጣው የእንግሊዝ ጦር ጋር ስትጓዝ በግንቦት 1860 ዓ.ም. በመንገድ ላይ ታማ ሞተች፤ በእንደርታ ጨለቆት ተቀበረች። ሰባት ዓመት የሆነው ልጇ ዓለማየሁ ግን ጉዞውን ቀጠለ፤ በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ በእንግሊዝ አገር ሞቶ በዊንድዘር ተቀብሯል።