የማታ ተማሪውና አሠሪው፦ ክፍያ ወይስ ጊዜ?

የጎልማሶች ትምህርት ተመራማሪው ሲሪል ሁል እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው ጥናት ጎልማሳ ተማሪዎችን በሦስት ከፍሏቸዋል፤ ግብ ይዘው የሚማሩ፣ ከሰው ጋር መዋልን ፈልገው የሚመጡና ዕውቀትን ለዕውቀትነቱ የሚሹ። ክፍፍሉ ለእኛም የማታ ክፍሎች ይሠራል፤ ዕድሜ ካልታከለበት ግን ጎዶሎ ነው። በሃያዎቹ ያለ ባለ ዲፕሎማ ዲግሪ የሚሻው በአብዛኛው የተሻለ የሥራ መደብ ላይ ለመወዳደር ነው። ልጆች የምታሳድግ የአርባ ዓመት የሒሳብ ሠራተኛ የደረጃ ዕድገቷን ታስባለች። ወደ ጡረታ የተቃረበው ደግሞ በወጣትነቱ ያቋረጠውን ትምህርት መጨረስ ይመኝ ይሆናል፤ ይህን ምኞት ቅንጦት ማለት ስህተት ነው።

አሠሪ ማንን ይደግፋል? የምጣኔ ሀብት ምሁሩ ጋሪ ቤከር እ.ኤ.አ. በ1964 እንዳስረዳው፣ ሠራተኛው የትም ይዞት ሊሄድ ለሚችለው ጠቅላላ ዕውቀት አሠሪ ወጪ ለማውጣት አይነሳሳም። በአገራችን የተለመደው የግዴታ ውል ለዚህ ስጋት መልስ ነው፦ ድርጅቱ ይከፍላል፤ ሠራተኛው ዋስ ጠርቶ፣ ከምረቃ በኋላ ለተወሰኑ ዓመታት ሊያገለግል ይፈርማል፤ ቀድሞ ከለቀቀ ወጪውን ይመልሳል። ስሌቱ ለድርጅቱ ያዋጣል። ነገር ግን የ57 ዓመት ሠራተኛ የአገልግሎት ግዴታው 60 ዓመት ከሆነው የጡረታ ዕድሜው ሊያልፍ ስለሚችል ገና ሳይጠይቅ ከዕድሉ ውጭ ይሆናል። ወጣቱም ዋስ የሚሆነው ሰው ካጣ እንዲሁ ነው።

ከገንዘቡ ይልቅ የሚያሳስበኝ ጊዜው ነው። በ11፡30 ከቢሮ የወጣች ሠራተኛ ታክሲ ተሰልፋ ለ12 ሰዓቱ ክፍል ትደርሳለች ማለት ዘበት ነው። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ያመልጣታል፤ ሴሚስተሩ ሲያልቅ ከፈተና የሚያስቀራት የክፍያ ጉድለት ሳይሆን የቀሪ ብዛት ሊሆን ይችላል። ክፍያዋን የሸፈነ አሠሪ ይህን ካላየ ገንዘቡም ይባክናል።

ሕጉ እዚህ ላይ ዝርዝር አያስቀምጥም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የትምህርት ፈቃድ አሰጣጥንና የገንዘብ ድጋፉን መጠን ለኅብረት ስምምነት ወይም ለሥራ ደንብ ትቶታል። ጠንካራ የሠራተኛ ማኅበር ባለበት ሠራተኛው ይደራደራል፤ በሌለበት ግን ጉዳዩ በቅርብ አለቃው በጎ ፈቃድ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ማኅበራት ለድርድር ሲቀመጡ ከትምህርት ክፍያው ጎን በክፍል ቀናት አንድ ሰዓት ቀድሞ መውጣትን፣ የፈተና ቀን ፈቃድንና የአገልግሎት ግዴታ ለማይጠየቅባቸው አጫጭር ሥልጠናዎች የሚውል ድጋፍን ማስጻፍ ይገባቸዋል፤ የመጨረሻው በተለይ ለአዛውንቶቹ።