ከደጅ ጥናት እስከ ቃለ መጠይቅ

በሐዋሳ ከተማ ለተማሪዎችና ለመምህራን የቀረበ የታሪክ ገለጻ



ከብዙ ዓመታት በፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ስቀርብ «እስቲ ስለ ራስህ ንገረን» ተባልሁ። የአባቴን ስም፣ የትውልድ ቦታዬንና የተመረቅሁበትን ዓመት ተናግሬ፣ «የምትሰጡኝን ማንኛውንም ሥራ እሠራለሁ» ብዬ አቀርቅሬ ዝም አልሁ። ሥራውን አላገኘሁም። ያን ዕለት በዐይነ አፋርነቴ አዘንሁ፤ በታሪክ ጥናት ከገፋሁ በኋላ ግን ያ ዝምታ የእኔ ብቻ እንዳልነበረ ተረዳሁ።

በአገራችን ሹመትና እንጀራ ለረጅም ዘመን ሲፈለጉ የኖሩት በደጅ ጥናት ነው። ደጅ ጠኚው በቤተ መንግሥት ወይም በመኳንንት በር ለወራት ይቆማል፤ ጌታው ሲወጣ እጅ ይነሣል፤ ታይቶ እስኪታወስ ይጠብቃል። ችሎታውን ራሱ ቢዘረዝር ድፍረት ይሆንበታል፤ ስለ እርሱ የሚናገርለት አማላጅ ያሻዋል። ከሁሉ በፊት የሚመዘነው ትዕግሥቱና ታማኝነቱ ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ ዘመናዊው መሥሪያ ቤት ተተከለ፤ የደጁ ልማድም አብሮ ገባ። የመንግሥት ሠራተኛን ቅጥር በደንብ የሚመራ ማዕከላዊ መሥሪያ ቤት የተቋቋመው በ1950ዎቹ ዓ.ም. ነው። በደርግ ዘመን ደግሞ የከፍተኛ ትምህርት ምሩቃን በመንግሥት ምደባ ይላኩ ስለነበር፣ ብዙዎች ስለ ራሳቸው ሳይጠየቁ ደመወዝተኛ ሆኑ። ምደባው ከቀረ በኋላ የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515/1999 ክፍት የሥራ መደብ የሚያዘው ተፈላጊውን ችሎታ ባሟላና ከሌሎች ተወዳዳሪዎች የበለጠ ውጤት ባገኘ ሰው እንደሆነ ደነገገ። በሕግ ፊት ደጅ ጠኚው ተወዳዳሪ ሆነ።

ሕጉ ተለወጠ፤ አቋቋማችን ግን ገና ነው። ዛሬም ሐዋሳ ውስጥ አንድ ምሩቅ የቅጥር ማስታወቂያ አይቶ ቤቱ ሲገባ፣ «እዚያ ሰው አለህ ወይ?» መባሉ አይቀርም።

ይሁን እንጂ ከአያቶቻችን የወረስነው ደጅ ጥናትን ብቻ አይደለም። በበላ ልበልሃ ሙግት ተከራካሪው በዳኛ ፊት ቀጥ ብሎ ይቆም፣ የተጠየቀውን ይመልስ፣ ለቃሉም እማኝ ይጠራ ነበር። እዚሁ ሲዳማ ምድር በሶንጎ ሸንጎ የሚናገር ሰው «አፊኒ» ብሎ ይጀምራል፤ «ሰማችሁ ወይ?» ማለት ነው። መናገር ከመደማመጥ እንደማይለይ በዚህች ቃል እንማራለን።

የቃለ መጠይቅ ዝግጅትን ከእነዚህ ሁለት ልማዶች ብንማር እመክራለሁ። ከአፊኒ መስማትን እንውሰድ፤ ማስታወቂያውን መስመር በመስመር ማንበብ፣ ስለ መሥሪያ ቤቱ ሥራ አስቀድሞ መጠየቅ፣ ጥያቄውን እስከ መጨረሻው ማድመጥ። ከሙግቱ እማኝ መጥራትን እንውሰድ። «ታታሪ ነኝ» የሚል ሁሉ እማኝ የለሽ ተከራካሪ ነው። የመመረቂያ ጽሑፉን መረጃ ከየት ቀበሌ፣ በስንት ቀን፣ በምን ችግር ውስጥ እንደሰበሰበ የሚናገር ግን ሥራውን እማኝ አድርጎ አቆመ።

ይህ ምክር ብቻ አይደለም። በአዲስ አበባ ወጣት ሥራ ፈላጊዎች ላይ ተካሂዶ በ2021 እ.ኤ.አ. «ሪቪው ኦፍ ኢኮኖሚክ ስተዲስ» በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናት ሁለት ዓይነት ድጋፎችን አነጻጽሯል። ለአንዱ ወገን የመጓጓዣ ገንዘብ ተሰጠው፤ ሌላው ችሎታውን ተመዝኖ የምስክር ወረቀት አገኘ፣ ማመልከቻ መጻፍንና ቃለ መጠይቅን ተለማመደ። ከ4 ዓመት በኋላ የመጓጓዣው ጥቅም ደብዝዞ ነበር፤ የተለማመዱት ግን የተሻለ ገቢ ያገኙ ነበር። ይበልጥ የተጠቀሙትም በሥራ ገበያው ወደ ኋላ የሚቀሩት ነበሩ።

ዝግጅት አድልዎን ያጠፋል አልልም። ነገር ግን ተዘጋጅቶ የቀረበ ሰው ቢወድቅ «ውጤቴን አሳዩኝ» ለማለት አፍ አለው፤ ደጅ ጠኚ ይህን ሊጠይቅ አይችልም። ስለዚህ፣ ልጆቼ፣ «ስለ ራስህ ንገረን»፣ «ስለ ራስሽ ንገሪን» ስትባሉ ቀና በሉ። የተጠራችሁት ለምጽዋት ሳይሆን ለምስክርነት ነው።