ከቁራኛ እስከ ደመወዝ መዝገብ፦ የወጣት ባለዕዳ ታሪክ

በአማርኛ «ብድር» የሚለው ቃል ሁለት ፊት አለው። አንደኛው ሊመለስ ተብሎ የተወሰደ ገንዘብ ወይም እህል ነው፤ ሁለተኛው ለተዋለ ውለታ የሚሰጥ ምላሽ ነው። ወላጆች ልጃቸውን «ብድር መላሽ ያድርግህ» ብለው ሲመርቁ ስለ ገንዘብ እየተናገሩ አይደለም፤ ያሳደገውን ወገን እንዲጦር መመኘታቸው ነው። «ዕዳ» የሚለው ቃል ግን እንዲህ ያለ ለስላሳ ፊት የለውም። የደምም፣ የገንዘብም፣ የግዴታም ሸክም በዚሁ አንድ ስም ይጠራል። ወጣቱ ለአካለ መጠን ደርሶ በራሱ ስም መቆም ሲጀምር ሁለቱ ቃላት አንድ ላይ ይገጥሙታል፤ ገና ውለታ ሳይመልስ ዕዳ ይጀምራል።

የወጣት ዕዳ ከጎልማሳው ዕዳ የሚለየው በመጠኑ አይደለም። ጎልማሳው በሬ፣ ቤት፣ መሬት፣ ወይም ቢያንስ በአገር የታወቀ ስም አለው፤ አበዳሪው የሚይዘው ነገር አያጣም። ወጣቱ ያለው ጉልበቱና ዘመዱ ብቻ ነው። ስለዚህ የወጣት ባለዕዳ ታሪክ በአመዛኙ ንብረት በሌለበት ቦታ ምን ይያዝ ነበር የሚለው ጥያቄ ታሪክ ነው። መልሱ በየዘመኑ ተለዋውጧል፤ መጀመሪያ አካሉ፣ ቀጥሎ ዋሱ፣ ኋላም ደመወዙ ተይዟል።

በገጠር የመጀመሪያው ዕዳ ምክንያት ብዙውን ጊዜ ከሦስት ነገሮች አያልፍም ነበር፤ ዘር፣ በሬ ወይም ሠርግ። አንድ በሬ ብቻ ያለው ጎጆ ወጪ ከሌላ ባለ አንድ በሬ ጋር መቀናጆ ገብቶ ሊያርስ ይችላል፤ በሬው ከሞተበት ግን መበደር ግድ ይሆንበታል። እህል የሚያልቀው በክረምት ስለሆነ ብድሩ በክረምት ይወሰዳል፤ የሚከፈለው መኸር ሲገባ ነው። ጥር ደግሞ የሠርግ ወር ነው። ጎተራው በሚሞላበት ሰሞን አበዳሪውም፣ ሠርገኛውም፣ የመሬቱ ባለቤትም አብረው ይመጣሉ። እህል በተወደደበት ወር ተበድሮ በረከሰበት ወር የሚከፍል ሰው በወለድ ስም ምንም ባይጠየቅ እንኳ በስፍር ብዛት ብዙ ሊያጣ እንደሚችል ለሒሳብ ባለሙያ ማስረዳት አያስፈልግም።

ርስት ባለበት አገር ወጣቱ ከአባቱ የሚደርሰውን ድርሻ አውጥቶ መሸጥ ቀላል አልነበረም፤ ዘመድ ይከለክላል፣ ነውርም ነበር። በዚህ ምክንያት «ወለድ አገድ» የሚባለው መያዣ ተስፋፋ። አበዳሪው መሬቱን ይይዛል፣ ምርቱን በወለድ ፈንታ ይበላል፤ ተበዳሪው ዋናውን ገንዘብ በከፈለ ጊዜ መሬቱ ይመለስለታል። ከላይ ሲታይ ፍትሐዊ ይመስላል። ነገር ግን ዋናውን ለመክፈል የሚያስችለው ምርት ራሱ በአበዳሪው እጅ ስለሆነ ወጣቱ ከየት አምጥቶ ይከፍላል? እንዲህ ያለው መያዣ ከአባት ወደ ልጅ ሲሻገር «የአባት ዕዳ ለልጅ፣ የአፍንጫ እድፍ ለእጅ» የሚለው ተረት ቀልድነቱ ይቀራል።

በ13ኛው መቶ ዓመት በግብፅ በዐረብኛ ተዘጋጅቶ ኋላ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት አራጣን ይከለክላል። ክልከላው በሊቃውንት ዘንድ የታወቀ ሆኖ ሳለ በገበያ ያለው ልማድ በሌላ መንገድ ሄደ። አበዳሪው ወለድ አልቀበልም ብሎ በስፍር ያካክሳል፣ ወይም የጉልበት ሥራ ይጠይቃል። ሕግ ከልማድ ጋር ሲጋጭ ብዙውን ጊዜ የሚለወጠው የነገሩ ስም ብቻ ነው።

መሬትም በሬም ለሌለው ባለዕዳ ግን የቀረው አካሉ ነበር። የቁራኛ ሥርዓት የመጣው ከዚህ ነው። «ቆረኘ» ማለት ሁለት ነገርን በአንድ ሰንሰለት አያይዞ አሰረ ማለት ነው። ዕዳ የካደ ወይም መክፈል ያልቻለ ሰው ከባለገንዘቡ ጋር እጅ ለእጅ በሰንሰለት ይታሰራል፤ ቀለል ባለው ጉዳይ ደግሞ የሁለቱ ባለጉዳዮች ኩታ ጫፍ ለጫፍ ተቋጥሮ ወደ ዳኛ ይሄዳሉ። በ20ኛው መቶ ዓመት መግቢያ የውጭ አገር ፎቶግራፍ አንሺዎች እንዲህ ተቆራኝተው የቆሙ ሰዎችን እያነሡ በፖስታ ካርድ አትመው ሸጠዋል። ካርዱን የገዛው አውሮፓዊ ያየው አስገራሚ ልማድ ነው፤ በሥዕሉ ላይ የሚታየው ግን የዕዳ አሰባሰብ ዘዴ ነበር።

ዘዴውን ጠጋ ብሎ ለመረመረው አንድ ነገር ይገለጥለታል። ሰንሰለቱ ሁለት ጫፍ አለው። ባለዕዳው እንዳይሸሽ የታሰረበት ብረት ባለገንዘቡንም አስሮ ይዞታል። ባለዕዳው በሚሄድበት ይሄዳል፣ በሚቀመጥበት ይቀመጣል፤ የእርሻው ሥራ ይስተጓጎላል፣ ንግዱ ይቆማል። ጉዳዩ በተራዘመ ቁጥር ሁለቱም ይከስራሉ። ስለዚህ ቁራኛ ጭካኔው እንዳለ ሆኖ ሁለቱንም ወገን ወደ ስምምነት የሚገፋ ነበር፤ ሽማግሌም መካከል ገብቶ «እስከ መኸር ታገሠው» ለማለት የሚያመቸው ያን ጊዜ ነው። ይህን ማለት ሥርዓቱን ማወደስ አይደለም። ደሀውን በአደባባይ ያዋረደ፣ ጉልበቱን ሠርቶ ከሚከፍልበት ሜዳ ነጥሎ ያሰረ ሥርዓት ነው፤ የታሰረ እጅ አያርስም። ብረቱ ከቀረ በኋላም ቋንቋው ቀርቷል። ዛሬ ሰው «በዓይነ ቁራኛ» ይጠበቃል፤ ጠባቂው ራሱ ግን አልታሰረም።

ከቁራኛ የሚያስፈታው ዋስ ነበር። ዋስ የጠራ ባለዕዳ ሰንሰለቱ ይፈታለታል፤ ቀኑ ሲደርስ ካልከፈለ ወይም ካልቀረበ ዋሱ በእግሩ ይተካል። በጥንቱ ሙግት ዋስ ሳይጠራ የሚጀመር ክርክር እምብዛም አልነበረም። ለወጣቱ የዋስ ትርጉም ከሕግ በላይ ነበር። ማን ዋስ ሆነው የሚለው ጥያቄ ይህ ልጅ የማን ነው፣ ማን ያምነዋል የሚል ጥያቄ ነው። አጎት ወይም የክርስትና አባት ዋስ ከሆነው ዕዳው የገንዘብ ብቻ መሆኑ ይቀራል፤ ወጣቱ ባይከፍል የሚያፍረው በአበዳሪው ፊት ሳይሆን በዋሱ ፊት ነው። በአገራችን የዕዳ ታሪክ ወጣቱን ከዕዳ ያወጣው ትልቁ ተቋም ዋስ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የዋሱ ዋጋ ግን በየትኛውም መዝገብ አልተጻፈም። ለሰው ዋስ ሆኖ በሬውን ያጣ፣ ከወንድሙ የተጣላ፣ አገር ጥሎ የሄደ ስንት ነው? ታሪክ ጸሐፊዎች ባለዕዳውንና ባለገንዘቡን እንጂ መካከል የቆመውን ሰው ብዙ አልተመለከቱትም።

በየካቲት 1898 ዓ.ም. የአቢሲንያ ባንክ በአዲስ አበባ ሲከፈት ለወጣት ባለዕዳ ያመጣው ለውጥ አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ደንበኞቹ መንግሥት፣ መኳንንትና ነጋዴዎች ነበሩ። ከዚያ ይልቅ ለውጥ ያመጣው ደመወዝ ነው። በ1900 ዓ.ም. ሚኒስቴሮች ከተቋቋሙ በኋላ፣ በተለይም ከጠላት ወረራ መልስ፣ ወር ጠብቆ ገንዘብ የሚቀበል ወጣት በከተማ በዛ። የወር ገቢ ያለው ሰው የወር ዕዳ ሊኖረው ይችላል። የሰፈሩ ባለሱቅ ስኳሩንና ሳሙናውን በዱቤ ደብተር እየጻፈ ይሰጣል፤ ደመወዝ በወጣ ማግስት ደብተሩ ይሰረዛል፣ በሦስተኛው ቀን እንደገና ይከፈታል። አበዳሪው ከእንግዲህ የሚጠብቀው መኸርን ሳይሆን የወር መጨረሻን ሆነ።

የከተማው ወጣት ለትልቅ ወጪ የተጠቀመበት መሣሪያ ዕቁብ ነበር። ዕቁብን ብዙ ሰው እንደ ቁጠባ ይቆጥረዋል፤ የሒሳብ ሰው ግን ሊያየው የሚገባው ከሁለቱም ወገን ነው። አሥራ ሁለት ሰዎች በየወሩ 50 ብር ቢያወጡ ዕጣው 600 ብር ይሆናል። በመጀመሪያው ወር ዕጣ የወጣለት ሰው የከፈለው 50 ብር ሲሆን ለቀሪዎቹ አሥራ አንድ ወራት የ550 ብር ባለዕዳ ነው። የመጨረሻው ባለዕጣ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ አበዳሪ ሆኖ ቆይቷል። መካከል ያሉት ዕጣ በወጣላቸው ጊዜ ከአበዳሪነት ወደ ባለዕዳነት ይሻገራሉ። ወለድ የለም፤ ማን ባለዕዳ ማን አበዳሪ እንደሚሆን የሚወስነው ዕጣ ነው፤ የቸገረው ሰው የሌላውን ዕጣ በቅናሽ ካልገዛ በቀር። እዚህም ላይ ዋስ አልጠፋም። ዕጣ የደረሰው ሰው ገንዘቡን ከዳኛው እጅ ከመቀበሉ በፊት ዋስ ይጠራል። ቤት የገባ፣ ሱቅ የከፈተ፣ ሠርግ የደገሰ የከተማ ወጣት ከዚህ ጥላ ሥር ያለፈ ብዙ ነው። በ1950ዎቹ ዓመታት አጋማሽ በአየር መንገድ ሠራተኞች የተጀመረው የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበርም የዚህ ዘመድ ነው ማለት ይቻላል፤ የጨመረው ነገር ተቀማጩና ክፍያው ሠራተኛው እጅ ሳይገባ ከደመወዝ መዝገቡ ላይ መቆረጡ ነው።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እነዚህን ልማዶች በጽሑፍ ሥርዓት ሊይዝ ሞከረ። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ ማስረጃ፣ ወይም በፍርድ ቤት በተሰጠ የእምነት ቃል ወይም መሐላ እንዲረጋገጥ ደነገገ። ተዋዋዮች በዓመት ከመቶ 12 በላይ ወለድ እንዳይስማሙ ገደበ፤ የወለዱ ልክ በጽሑፍ ካልተወሰነም ከመቶ 9 እንዳይበልጥ አደረገ። ለዋሱም አንድ ትልቅ ነገር ሠራለት፤ ዋስትናው የሚደርስበት ከፍተኛ ገንዘብ ካልተጠቀሰ ውሉ አይጸናም። ከዚያ በፊት ዋስ የሆነ ሰው የገባበትን ጉድጓድ ጥልቀት አያውቅም ነበር።

ሕጉ በከተማ ሲሠራ ጭሰኛው በቀድሞው ዓለም ቆየ። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኛው ለባለመሬት የነበረበትን የመሬት ኪራይና ዕዳ በአንድ ቀን ሰረዘ። ሌሊቱን ባለዕዳ ሆኖ ተኝቶ ነጻ ሆኖ የነቃ ወጣት ገበሬ ብዙ ነው። የተሰረዘው ግን ለባለመሬቱ የነበረው ዕዳ ነው፤ የዘመድ፣ የነጋዴና የአራጣ አበዳሪ ሒሳብ በዚያ አዋጅ አልተነካም። የአዋጁን ታላቅነት የሚያወሱ ሰዎች ይህን ልዩነት አንዳንድ ጊዜ ይዘሉታል።

በዚያን ዘመን ከዩኒቨርሲቲ የሚወጣ ወጣት ለትምህርቱ የገንዘብ ዕዳ አልነበረበትም። ውለታው በአገልግሎት ይጠየቅ ነበር፤ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ያገለግሉ የነበረው ለዚህ ነው። ከ1996 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ጀምሮ ግን የወጪ መጋራት ሥርዓት ሥራ ላይ ዋለ። ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ እንዲሁም ከትምህርቱ ወጪ ቢያንስ ከመቶ 15ቱን ሊከፍል ውል ይፈርማል፤ ሥራ ሲይዝ ከወር ገቢው ቢያንስ ከመቶ 10 እየተቆረጠ ቢበዛ በ15 ዓመት ይከፍላል። መምህር የሚሆነው በአገልግሎቱ ሊከፍል ይችላል፤ የድሮው ሐሳብ በዚህ በኩል እንደገና ብቅ ብሏል።

እዚህ ላይ ነገሩ የዚህን መጽሔት አንባቢዎች በቀጥታ ይነካል። በአሠሪው መሥሪያ ቤት ከደመወዝ መዝገቡ ላይ የሚቆርጠው እጅ የማኅበርተኛው እጅ ነው። በቁራኛ ዘመን ባለዕዳው አበዳሪውን ከጎኑ ያየው ነበር፤ በዕቁብ ዘመን ዳኛውን ያውቀዋል፤ የደመወዝ ባለዕዳ ግን የሚያየው በወረቀት ላይ የተጻፈ ተቀናሽ ብቻ ነው። ስንት ተከፈለ፣ ስንት ቀረ የሚለውን ካልነገሩት አያውቅም። ሥራ በለወጠ ጊዜ ተቀናሹ ከእርሱ ጋር ካልተሻገረ ዕዳው ባለበት ይቆማል፤ ይህን የሚያውቀውም ብዙውን ጊዜ ማስረጃውን ሊያወጣ ወደ ተማረበት ተቋም በሄደ ቀን ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ከሠራተኛው የወር ደመወዝ በአንድ ጊዜ ከአንድ ሦስተኛ በላይ እንዳይቆረጥ ይከለክላል። ወጪ መጋራት፣ የቁጠባ ማኅበር ብድርና የዋስትና ተቀናሽ በአንድ ወጣት ላይ ሲደራረቡ ይህን ገደብ ቀድሞ ማየት ያለበት መዝገቡን የያዘው ነው፤ ወጣቱ ራሱ ገደቡ መኖሩንም ላያውቅ ይችላል።

ደመወዝ ለሌለው ወጣት የተፈለገው መንገድ ሌላ ነበር። በ2009 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመው የ10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ወጣቶች በቡድን ተደራጅተው እንዲበደሩ አደረገ። አንዱ ለሌላው ዋስ መሆኑ አዲስ ነገር አልነበረም። አዲሱ ነገር ዋሱም ባለዕዳውም በአንድ ዕድሜ ያሉ፣ ሁለቱም ንብረት የሌላቸው መሆናቸው ነው። የድሮው ዋስ በሬ ነበረው፤ አንዱ ሲወድቅ የሚያነሣው ሽማግሌም አጠገቡ ነበር። ቡድኑ ሲበተን ግን የቀሩት ሁለትና ሦስት ወጣቶች የሄዱትን ዕዳ ጭምር ተሸክመው ይቆማሉ።

ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በቴሌብር በኩል «መላ» እና «እንደኪሴ» የተባሉ አነስተኛ ብድሮች መጡ። ወጣቱ መያዣ አያስመዘግብም፣ ዋስ አይጠራም፣ ማንንም ደጅ አይጠናም፤ የብድሩ ልክ የሚወሰነው በስልኩ ባለው የገንዘብ እንቅስቃሴ ነው። ለዘመናት መካከል ቆሞ የነበረው ሦስተኛ ሰው በዚህ ብድር ውስጥ የለም። ወጣቱ ሲከፍል የሚደሰትለት፣ ሲያቅተው «እስከ መኸር ታገሠው» የሚልለት አጎትም ሆነ የዕቁብ ዳኛ በውሉ ላይ አልተጻፈም፤ የመክፈያው ቀን ሲደርስ የሚያስታውሰው የስልክ መልእክት ነው።