ጸጥ ብሎ ማንበብ ሁከት የተባለበት ጊዜ፤ የአሌክሳንድሪያ ቤተ መጻሕፍት ደንብ በ1939

እስክንድርያ ሲባል ለብዙዎቻችን በቶሎ ትዝ የሚለን በግብጽ የነበረው ጥንታዊ ቤተ መጻሕፍት ነው። በዚህ ጽሑፍ ልንመለከተው የፈለግነው ግን የዚያችን ስም የያዘችውን ሌላዪቱን ከተማ፣ በሰሜን አሜሪካ በቨርጂኒያ ግዛት በፖቶማክ ወንዝ ዳር፣ ከዋሽንግተን አጠገብ ያለችውን አሌክሳንድሪያን ነው። ዛሬ ከአገራችን የሄዱ ብዙ ሰዎች ስለሚኖሩባት ስሟ ለጆሯችን እንግዳ አይደለም። ዓመታቱን ሁሉ የጻፍነው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ደንብ በተለመደው ሁኔታ የሚናገረው ስለ ጥቃቅን ነገር ነው። ስም ማስመዝገብ፣ ካርድ ማውጣት፣ የተዋሱትን በቀኑ መመለስ፣ ለዘገየው መቀጫ መክፈል፣ በንባብ አዳራሽ አለመጮህ፤ ይህ ሁሉ የታሪክ ተማሪን ዓይን የሚስብ አይመስልም። ነገር ግን ከእነዚህ ሁሉ የሚቀድም፣ ብዙ ጊዜም በወረቀት ላይ የማይሰፍር አንድ ደንብ አለ፤ እርሱም ካርዱ ለማን ይሰጣል የሚለው ነው።

በአሌክሳንድሪያ ከ1794 ጀምሮ አባሎቹ ገንዘብ እያዋጡ የሚያነቡበት የማኅበር ቤተ መጻሕፍት ነበረ። ማኅበር የራሱን ሰው ቢመርጥ ብዙ አያስደንቅም። በ1937 ግን በኵዊን መንገድ ላይ አዲስ ሕንፃ ተሠርቶ ቤተ መጻሕፍቱ የሕዝብ ሆነ፤ ከተማዪቱም ወጪውን ከግምጃ ቤቷ ትከፍል ጀመር። ከዚህ ላይ ነገሩ ይለወጣል። ወደ ግምጃ ቤቱ የሚገባውን ግብር ጥቁሮችም ይከፍሉ ነበርና። ግብራቸው ይገባል፣ እነርሱ ግን አይገቡም።

ከዚያ ሕንፃ ጥቂት እርምጃ ርቀው የሚኖሩ ሳሙኤል ዊልበርት ታከር የተባሉ ወጣት ጠበቃ ነበሩ። በዋሽንግተን በሚገኘው በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተምረው በ1933 ተመረቁ፤ ሕግን ግን በትምህርት ቤት ሳይሆን በጠበቃ ቢሮ በራሳቸው አንብበው ነው ፈተናውን ያለፉት። በማርች 1939 ጆርጅ ዊልሰን ከተባሉ ጡረታ ከወጡ የጦር ሠራዊት ሳጅን ጋር ሄደው ካርድ ጠየቁ፤ ተከለከሉ። ስለዚህ የቤተ መጻሕፍቱ ኀላፊ ለዊልሰን ካርድ እንዲሰጡ ፍርድ ቤት ያስገድድ ዘንድ ክስ አቀረቡ።

ክሱ ገና ሳይወሰን ታከር ሌላ መንገድ ዐሰቡ። ጥቂት ወጣቶችን ሰብስበው እንዴት እንደሚለብሱ፣ እንዴት እንደሚናገሩ፣ ምን እንደማይመልሱ አስጠኗቸው። ኦገስት 21 ቀን 1939 አምስቱ አንድ በአንድ ገቡ። የመጀመሪያው በትሕትና ካርድ ጠየቀ፤ እንደማይሰጠው ሲነገረው ከመደርደሪያ አንድ መጽሐፍ አወጣና ከአንድ ጠረጴዛ ተቀምጦ ማንበብ ጀመረ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሁለተኛው እንዲሁ አደረገ፤ በሌላ ጠረጴዛ ተቀመጠ። እንዲህ እያለ አምስት ጠረጴዛ ተያዘ። ለየብቻ የተቀመጡት በከንቱ አይደለም፤ ሁለቱ አብረው ቢቀመጡ ሲያወሩ ነበር ሊባሉ ይችሉ ነበርና። የቤተ መጻሕፍቱን የጸጥታ ደንብ በዚያ ቀን ከእነርሱ ይበልጥ የጠበቀ አንባቢ የነበረ አይመስለንም። አንድ የ14 ዓመት ልጅ ደግሞ ውስጥ የሚሆነውን እያየ ወደ ታከር ቢሮ ይሮጥ ነበር። ፖሊሶች መጥተው አምስቱን ይዘው ሲወጡ በደጅ ብዙ ሰው ተሰብስቦ፣ ታከር የጠሩት ፎቶግራፍ አንሺም ቆሞ ይጠብቅ ነበር።

ክሱ ሁከት መፍጠር የሚል ሆነ። በችሎት ታከር ፖሊሱን በመስቀለኛ ጥያቄ ያዙት፤ እርሱም ወጣቶቹ ጸጥ ብለው እንደ ነበረ፣ ልብሳቸውም የተስተካከለ እንደ ነበረ አመነ። እንግዲህ ሁከቱ ምን ነበር? ዳኛው ይፈርዱ ዘንድ ግድ ቢሆን ወይ ወጣቶቹን መልቀቅ፣ ወይም የቆዳ ቀለም ራሱ ሁከት ነው ብሎ በመዝገብ መጻፍ ነበረባቸው። ሁለቱንም አላደረጉም፤ ነገሩ ያለ ውሳኔ ተንጠልጥሎ ቀረ።

በጃንዩወሪ 1940 የዊልሰን ክስ ውሳኔ አገኘ። ዳኛው ማመልከቻው በደንቡ መሠረት አልቀረበም ብለው ልመናውን ሳይቀበሉ ቀሩ፤ ነገር ግን የከተማዪቱ ነዋሪ የሆነ ጥቁር ካርድ የሚከለከልበት የሕግ ምክንያት እንደሌለ ተናገሩ። የከተማው ምክር ቤት ይህን እንደ ሰማ በሩን በመክፈት ፈንታ ለጥቁሮች የተለየ ትንሽ ቤተ መጻሕፍት ለማሠራት ተጣደፈ። ከ1896 ጀምሮ የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የተለየ ግን እኩል የሆነውን ሁሉ ይፈቅድ ነበርና መጠለያው እርሱ ነበር። በኤፕሪል 1940 ሮበርት ሮቢንሰን ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ፤ ከመጻሕፍቱም ብዙዎቹ ያገለገሉ ነበሩ። ታከር በዚያ እንዲጠቀሙበት የቀረበላቸውን ካርድ፣ በኵዊን መንገድ ለሚገኘው ምትክ ሆኖ አልቀበለውም ብለው በደብዳቤ መለሱ። በሌላ በኩል፣ እዚያ ገብተው ያነቡትን ልጆች የሚወቅስ ሰው ካለ በእኛ በኩል አንስማማም፤ ልጅ መጽሐፍ የሚያገኘው ካለበት ቦታ ነው።

በዚያው በጁን 1939 የአሜሪካ የቤተ መጻሕፍት ማኅበር የመብት መግለጫ አውጥቶ ነበር። መግለጫው መጽሐፍ ሲመረጥ የደራሲው ዘር ምክንያት እንዳይሆን አዘዘ። ስለ አንባቢው ዘር ግን ምንም አላለም። ስለዚህ በኵዊን መንገድ መደርደሪያ ላይ የጥቁር ደራሲ መጽሐፍ መቀመጥ ይችላል፤ ደራሲው ራሱ ግን መጥቶ መጽሐፉን መዋስ አይችልም ማለት ነው። ይህን ክፍተት የሚደፍነው አንቀጽ የተጨመረው በ1961 ነው። በዚያው ዓመት በማርች ወር በሚሲሲፒ ግዛት በጃክሰን ከተማ ዘጠኝ የቱጋሉ ኮሌጅ ተማሪዎች ለነጮች ብቻ በሆነው ቤተ መጻሕፍት ገብተው ስላነበቡ ታሰሩ።

የሮቢንሰን ሕንፃ ዛሬ የከተማዪቱ የጥቁሮች ታሪክ ሙዚየም ነው። በአምስቱ ወጣቶች ላይ የተመሠረተው ክስ ደግሞ ሰማንያ ዓመት ያለ ፍርድ ከቆየ በኋላ በ2019 በፍርድ ቤት ትእዛዝ ተዘጋ።