የመስመር ዳርቻ

ቀን አኃዝ፣ ማታ ስንኝ የምቆጥር የባንክ ሠራተኛ ነኝና የመስመር ዳርቻ ያሳስበኛል። እ.ኤ.አ. በ1928 አይ.ቢ.ኤም. እየተበሳ መረጃ የሚይዘውን ባለ 80 ዓምድ ካርድ አወጣ፤ በ1978 የወጣው ቪቲ100 ተርሚናልም ያንኑ 80 ወረሰ። በዚህ ማሳያ ረጅም መስመር ዳርቻ ሲደርስ እንዲታጠፍ ካልታዘዘ፣ ተከታዩ ፊደል ሁሉ በመጨረሻው ዓምድ ላይ እየወደቀ የቀደመውን ይደመስሳል። ከታጠፈም ቃሉ ከወገቡ ይሰበራል፤ አኃዙም ለሁለት ይከፈላል።

የጥንት ቁም ጸሐፊዎቻችን ግን ቃልን በመስመር መጨረሻ ያለ ሥጋት ይከፍሉ ነበር፤ ሁለት ነጥብ እስኪመጣ ቃሉ እንዳላለቀ አንባቢው ያውቃልና። እኛ ሁለት ነጥብን በባዶ ቦታ ተካነው፤ ባዶ ቦታ ግን በዳርቻ ላይ አይታይም። ስለዚህ፣ ውድ አንባቢ፣ የሰው ገንዘብ የት እንዳበቃ ለማወቅ ዛሬም ጣቴን ማሳያው ላይ አሳርፌ እቆጥራለሁ።