ትራክ ዴይ፡- አሮጌና አዲስ ሞተር ሳይክል፣ የምንፈርመውም ወረቀት

ኑሯቸውን በእንግሊዝና በጀርመን ያደረጉ የዚህ ዓምድ አንባቢያን በተደጋጋሚ የሚያቀርቡልኝ አንድ ጥያቄ አለ፡፡ በሞተር ሳይክላቸው ወደ እሽቅድድም ጎዳና ገብተው ሲነዱ ለመዋል፣ ጠዋት በር ላይ የሚፈርሙት ወረቀት ምን ያህል ያስራቸዋል? ቢወድቁ ወይም ሰው ቢጥሉስ ከፋዩ ማን ነው? ጥያቄው የሕግ ቢሆንም ሞተሩንና ጎዳናውን ሳያውቁ የሚመልሱት አይደለም፡፡ ታናሽ ወንድሜ ለንደን አጠገብ ስለሚኖር፣ እነርሱ በጋ እኛ ክረምት በምንለው ወቅት ብቅ ባልኩ ቁጥር የእርሱን የ1970ዎቹ መጀመሪያ ትራያምፍ ቦንቪልም፣ በኪራይ የማገኘውን ዘመናዊ ሞተርም በዚያ ጎዳና ላይ ነድቻለሁ፡፡ ስለዚህ ከሕጉም ከአነዳዱም የማውቀውን ላካፍል፡፡ (የእኛ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከወጣበት ዓመት በስተቀር እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፡፡)

ትራክ ዴይ የሚባለው የእሽቅድድም ጎዳና ውድድር በማይካሄድበት ቀን ለማንኛውም ከፋይ ነጂ የሚከፈትበት ሥርዓት ነው፡፡ በእንግሊዝ እጅግ የተለመደ ነው፡፡ ኬንት ውስጥ ያለው ብራንድስ ሃች ገና በመጀመሪያው መታጠፊያ፣ ፓዶክ ሂል በሚሉት፣ ነጂውን ወደ ቀኝ እያዞረ ቁልቁል ይለቀዋል፡፡ ሊንከንሻየር ያለው ካድዌል ፓርክ ጠባብና ዛፍ የበዛበት ሲሆን «ተራራው» የሚሉት ጉብታ ላይ ፈጣን ሞተር ከመሬት ይነሳል፡፡ ዶኒንግተን ፓርክ ደግሞ የመጀመሪያውን የሞተር ሳይክል ውድድር በ1931 ያስተናገደ አንጋፋ ቦታ ነው፡፡ ለጀማሪ የምመክረው የቱን ነው ቢሉኝ ዶኒንግተንን ነው፤ ሰፊ ነው፣ አርቆ ያሳያል፡፡

የቀኑ አካሄድ የትም ቢሄዱ ተመሳሳይ ነው፡፡ ጠዋት መንጃ ፈቃድ ይታያል፣ ወረቀቱ ይፈረማል፣ የማርሚታው ድምፅ ይለካል፣ ከዚያም ገለጻ ይሰጣል፡፡ ገለጻውን ያልሰማ ሰው ወደ ጎዳናው አይገባም፡፡ ነጂዎቹ ጀማሪ፣ መካከለኛና ፈጣን ተብለው ብዙውን ጊዜ በሦስት ምድብ ይከፈላሉ፤ አንዱ ምድብ 20 ደቂቃ ነድቶ ሲወጣ ሌላው ይገባል፡፡ የመጀመሪያዎቹ ዙሮች ማለፍ የሌለባቸው፣ ጎዳናውን ለማየትና ጎማ ለማሞቅ ብቻ የሚነዱ ናቸው፡፡ ቢጫ ባንዲራ ከፊት አደጋ አለ፣ አትለፍ ማለት ነው፡፡ ቀይ ሲወጣ ሁሉም ቀስ ብሎ ይመለሳል፡፡ ጥቁር የሚታየው ለአንድ ሰው ሲሆን «አንተ ውጣ» የሚል ትርጉም አለው፡፡ ከሞተሩ አንድ ነገር ስለተንጠለጠለ ሊሆን ይችላል፤ ሰውየው ስላስቸገረም ሊሆን ይችላል፡፡

ከሁሉም በላይ ግን መታወቅ ያለበት ይህ ውድድር አለመሆኑ ነው፡፡ አሸናፊ የለም፣ ሽልማት የለም፣ ብዙዎቹ አዘጋጆች ሰዓት መያዝንም ይከለክላሉ፡፡ ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም፡፡ የአዘጋጁ መድንና ከጎዳናው ባለቤት ጋር ያለው ውል የቆሙት ድርጊቱ ፉክክር አይደለም በሚለው መሠረት ላይ ነው፡፡ ለማለፍ የሚፈልግ ሰው ኃላፊነቱ ሙሉ በሙሉ የራሱ የሆነውም ለዚህ ነው፡፡ በውድድር ላይ ከፊት ያለው ቦታውን ይከላከላል፤ በትራክ ዴይ የሚከላከለው ነገር የለውም፡፡

ጀርመን ያላችሁ ግን አንድ ነገር እንዳትሳሳቱ፡፡ በ1927 የተከፈተው የኑርቡርግሪንግ ሰሜናዊ ዙር 20.8 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ለሕዝብ በሚከፈትባቸው የቱሪስት ሰዓታት በሕግ ፊት የሚታየው ክፍያ እንዳለው የመኪና መንገድ ሆኖ ነው፡፡ የትራፊክ ሕግ ይሠራበታል፡፡ ከ2025 ወዲህ ደግሞ በእነዚህ ሰዓታት ሞተር ሳይክል አይገባም፤ መግባት የሚፈልግ ለሞተር ሳይክል ብቻ በተዘጋጁ መርሐ ግብሮች መመዝገብ አለበት፡፡ በእኔ እምነት ውሳኔው የዘገየ ነበር፡፡ ባለ ሁለት እግር፣ ባለ አራት እግርና ጎብኚ በአንድ ጎዳና ላይ ሲቀላቀሉ የሚመጣውን ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም፡፡

ወደ ሞተሮቹ ልመለስ፡፡ አሮጌና አዲስ የሚለያዩት በጉልበት ብቻ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፡፡ ጉልበቱማ ግልጽ ነው፡፡ በ1959 የወጣው ባለ 650 ሲሲ ትራያምፍ ቦንቪል 46 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ በ1969 የመጣው ሆንዳ ሲቢ750 67፣ በ1998 የመጣው ያማሃ አር1 150፤ የዛሬዎቹ ባለ 1000 ሲሲ ሞተሮች 200ን ያልፋሉ፡፡ የሚገርመው የሁሉም ክብደት ከ200 ኪሎ ብዙም አለመራቁ ነው፡፡ ዋናው ልዩነት ግን ያለው ማቆሙ ላይ ነው፡፡

የድሮዎቹ ፍሬን ባለ ታምቡር ነው፡፡ ሸራው ከውስጥ ወደ ውጭ ተለጥጦ ታምቡሩን ይይዛል፡፡ በተደጋጋሚ ሲያዝ ታምቡሩ ግሎ ይሰፋል፤ ሲሰፋ ከሸራው ይርቃል፤ ያን ጊዜ የፍሬኑ እጀታ እስከ መሪው ድረስ ቢጨበጥም ሞተሩ እንደልብ አይያዝም፡፡ በአስፋልት መንገድ ላይ አንድ ሰው ይህን ሳያይ ዕድሜውን ሊጨርስ ይችላል፤ በየዙሩ አምስትና ስድስት ጊዜ ፍሬን በሚያዝበት ጎዳና ግን በአሥር ደቂቃ ውስጥ ይመጣል፡፡ በብዛት ተመርተው ከተሸጡ ሞተሮች መካከል የፊት ዲስክ ፍሬንን ቀድሞ ይዞ የወጣው ያው ሲቢ750 ነው፡፡ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚጠብቀው ኤቢኤስ በቢኤምደብሊው ኬ100 ላይ በ1988 ጀመረ፤ የአውሮፓ ኅብረት ከ2016 ጀምሮ ከ125 ሲሲ በላይ በሆኑ አዳዲስ ሞዴሎች ላይ ግዴታ አደረገው፡፡ ዘመናዊው ሞተር በዚህ ላይ ምን ያህል እንደተጋደመ እየለካ የጎማውን መንሸራተት የሚቆጣጠር ኮምፒዩተር አለው፡፡ ኮምፒዩተሩ ብዙ ስህተት ይሸፍናል፡፡ ነገር ግን ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ፍሬኑ ሊያጠፋው የሚገባው ኃይል አራት እጥፍ መሆኑን የሚቀይር ኮምፒዩተር አልተሠራም፡፡

ሌላው የእግር ነገር ነው፡፡ እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ የተሠሩት የእንግሊዝ ሞተሮች ማርሻቸው በቀኝ እግር፣ የኋላ ፍሬናቸው በግራ እግር ነው፡፡ ከዘመናዊው ወርዶ በአሮጌው ላይ የሚወጣ ሰው ረጋ ብሎ ሲነዳ ያስታውሰዋል፤ ሲደነግጥ ግን እግሩ የለመደውን ይረግጣል፡፡ ስለዚህ በአንድ ቀን ሁለቱንም እየቀያየሩ መንዳት ለጎበዞች ይተው ባይ ነኝ፡፡

የአነዳድ መንገዳቸውም አይገጥምም፣ እውነተኛው አደጋ ያለውም እዚህ ላይ ነው፡፡ አሮጌው ጉልበት ስለሌለው ያገኘውን ፍጥነት ማባከን አይችልም፤ ቀደም ብሎ በለስላሳው ፍሬን ይይዝና መታጠፊያውን ሰፋ አድርጎ በአንድ ትንፋሽ ይዞራል፡፡ ዘመናዊው እስከ መታጠፊያው አፍ ይጋልባል፣ ጠንክሮ ይቆማል፣ በአጭሩ ታጥፎ ነዳጅ ሰጥቶ ይፈነጠራል፡፡ ሁለቱ በአንድ ምድብ ሲገቡ ዘመናዊው ቀጥታው ላይ ያልፍና መታጠፊያው ላይ በአሮጌው ፊት ይቆማል፤ አሮጌው ደግሞ በዚያ ታምቡር ፍሬን መሄጃ የለውም፡፡ ወንድሜ «የሚያልፈኝ ሳይሆን አልፎኝ የሚቆመው ነው የሚያስፈራኝ» የሚለው ወዶ አይደለም፡፡ ለአሮጌዎች ብቻ የተለየ ምድብ ወይም ቀን የሚያዘጋጁ አሉ፡፡ ጥቂት ከፍሎም ቢሆን እነርሱን መምረጥ ይሻላል፡፡

ዝግጅቱ ብዙ ወጪ የለውም፤ ትዕግሥት ነው የሚፈልገው፡፡ መስተዋቱ ይነሳል ወይም ይሸፈናል፣ የመብራቱ መስታወት በፕላስተር ይለጠፋል፣ ካቴናው ይጠበቃል፣ የፍሬን ዘይት ይቀየራል፣ ጎማው ሲሞቅ አየሩ ስለሚጨምር በልኩ ይቀነሳል፡፡ ነጂው ሙሉ የቆዳ ልብስ፣ ጓንት፣ ቦት ጫማ፣ የጀርባ መከላከያና ያልወደቀ ሄልሜት ያስፈልገዋል፡፡ በአሮጌ ሞተር ላይ የሚጨመረው የዘይቱ ጉዳይ ነው፡፡ የዘይት ማፍሰሻ ቡሎኖቹ በሽቦ መታሰር አለባቸው፡፡ አንድ ዳዶ ላልቶ ጎዳናው ላይ የሚፈስ ዘይት የሚጥለው ባለቤቱን ብቻ ሳይሆን ከኋላው የሚመጡትን ሁሉ ነው፡፡ ሠራተኞች የሲሚንቶ ዱቄት ነስንሰው እስኪጠርጉ ድረስም የሌላው ሁሉ ጊዜ ይቃጠላል፡፡

ሕጉ የሚገባው በዚህ በኩል ነው፡፡ የእንግሊዝ ፍርድ ቤቶች በስፖርት ላይ ለደረሰ ጉዳት ሁለት ዓይነት ሚዛን አላቸው፡፡ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሃሪሰን በቪንሰንት ላይ ባቀረበው ክስ፣ ባለ ጎን ተሳፋሪ የውድድር ሞተር ፍሬኑ ከድቶት ለማምለጫ ወደተተወው መንገድ ሲገባ፣ ወደ መንገዱ ወጣ ብሎ ከቆመ የማንሻ መኪና ጋር ተጋጨና ተሳፋሪው ተጎዳ፡፡ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የሰጠው ትንታኔ ለእኛም ይበጃል፡፡ በፉክክር ግለት፣ በቅጽበት የተወሰደ ውሳኔ በለዘብተኛ ዓይን ይታያል፤ ጋራዥ ውስጥ በእርጋታ መሠራት የነበረበት ፍሬን ግን የሚመዘነው በተራው የጥንቃቄ ሚዛን ነው፡፡ የማምለጫውን መንገድ ክፍት ያላደረጉት አዘጋጆችም ተጠያቂ ሆነዋል፡፡ እንግዲህ ያልታሰረው ቡሎን ሙግት የሚጀምርበት ቦታ ነው ማለት ነው፡፡

ጠዋት የምንፈርመው ወረቀትስ? ብዙውን ጊዜ «ሞት ወይም አካል ጉዳት ቢደርስብኝ ማንንም አልጠይቅም» የሚል መንፈስ ያለው ነው፡፡ ሰው ይህን ፈርሞ መብቱን የሸጠ ይመስለዋል፤ አልሸጠም፡፡ የ1977ቱ ፍትሐዊ ያልሆኑ የውል ቃሎች ሕግ፣ ለሸማቾች ደግሞ ከጥቅምት 2015 ጀምሮ የተተካው የሸማቾች መብት ሕግ አንቀጽ 65፣ ነጋዴ በቸልተኝነቱ ላደረሰው ሞትና የአካል ጉዳት ያለበትን ኃላፊነት በውልም በማስታወቂያም ማስቀረት አይችልም ይላል፡፡ ይኸው አንቀጽ ሰውየው ቃሉን ስላወቀው ወይም ስለተስማማበት ብቻ አደጋውን ፈቅዶ ተቀበለ እንደማይባል ይጨምራል፡፡ ሆኖም ወረቀቱ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም፡፡ አደጋው እንደተነገረዎት፣ ደንቡን እንደሰሙ ያስረዳል፡፡ በራስዎ ጥፋት ከወደቁ ደግሞ ወረቀት ቢኖርም ባይኖርም የሚከሱት ሰው የለዎትም፡፡ የእኛው በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2068 በስፖርት ላይ ተጫዋች ተጫዋችን ወይም ተመልካችን ቢጎዳ፣ ተንኮል ወይም ከባድ የደንብ መጣስ ከሌለ አይጠየቅም ሲል ነገሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሶታል፡፡ እንግሊዞቹ ይህን ለማለት ብዙ መዝገብ ፈጅተዋል፡፡

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ፡፡ በ2014 የአውሮፓ ፍርድ ቤት ቭኑክ በተባለው ጉዳይ፣ በስሎቬኒያ አንድ ሠራተኛ ድርቆሽ ጎተራ ሲያገባ የትራክተር ተሳቢ መሰላሉን መትቶ ስለጣለው፣ የግዴታ መድን በግል መሬት ላይ ያለ የተሽከርካሪ አጠቃቀምንም ይሸፍናል ብሎ ወሰነ፡፡ በትራክተር የተጀመረው ነገር የሞተር ስፖርቱን ሁሉ አስደነገጠ፤ እያንዳንዱ የእሽቅድድም ሞተር የሦስተኛ ወገን መድን ይግባ ማለት ነበርና፡፡ እንግሊዝ ከኅብረቱ ከወጣች በኋላ በሚያዝያ 2022 ባወጣችው ሕግ ውጤቱን ሻረችው፡፡ ኅብረቱም በ2021 መመሪያው፣ አዘጋጁ ተመልካችንና ሌሎች ሦስተኛ ወገኖችን የሚሸፍን ሌላ መድን እስከገባ ድረስ በተከለለ ቦታ የሚደረገውን የሞተር ስፖርት ከግዴታው አወጣ፡፡ ያ ሌላ መድን ነጂዎቹን ራሳቸውን እንዲሸፍን ግን አያስገድድም፡፡

ስፖርቱ ተረፈ፣ ነጂው ግን ምን ተረፈው? ሌላ ነጂ በቸልተኝነት ቢጥልዎት ቸልተኝነቱን ማስረዳት የእርስዎ ፋንታ ነው፤ አስረድተው ቢረቱም የሰውየው ኪስ ባዶ ከሆነ ፍርዱ ወረቀት ሆኖ ይቀራል፡፡ ለመንገድ የገቡት መድን በአብዛኛው ትራክ ዴይን አይሸፍንም፡፡ በየወሩ ለወላጅና ለታናናሾች ገንዘብ የሚልክ ሰው ስድስት ወር ቢተኛ፣ የሚጎዳው እርሱ ብቻ እንዳልሆነ አንባቢዎቼ ከእኔ በላይ ያውቁታል፡፡ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ትራክ ዴይን በስሙ ጠቅሶ የሚሸፍን የግል አደጋና የገቢ መድን ይግቡ፤ «የሞተር ስፖርት አይጨምርም» የሚለውን ሐረግ በውሉ ውስጥ ፈልጉት፡፡ ከአዲስ አበባ በጉብኝት የሚሄድም የጉዞ መድኑን በዚሁ ዓይን ይመልከት፡፡ በእንግሊዝ የድንገተኛ ክፍል ሕክምና ለማንም ነጻ ቢሆንም፣ አልጋ የያዘ ጎብኚ ግን ይከፍላል፡፡

በመጨረሻ የቀረኝ የድምፅ ነገር ነው፤ የአሮጌ ሞተር ባለቤቶች ከበር የሚመለሱት በአብዛኛው በዚህ ነው፡፡ በ2009 የሰሜን ዮርክሻየሩ ክሮፍት ጎዳና ጎረቤቶች ባቀረቡት ክስ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ካሣው አይበቃም ብሎ ከፍተኛ ድምፅ የሚሰማባቸውን ቀናት በዓመት በ40 ገደበ፡፡ በ2014 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሰፎክ ስታዲየም ጉዳይ፣ «ጎረቤቱ ድምፁ እያለ ነው የመጣው» የሚለውን መከላከያ አልተቀበለም፡፡ በእኛ ፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1225 ስለ ጎረቤት ድምፅና ጢስ የተጻፈውን ለሚያውቅ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም፡፡ በዚህ የተነሳ ጎዳናዎቹ ለየቀኑ የተለያየ የዴሲቤል ወሰን ያወጣሉ፡፡ መለኪያው ከማርሚታው ጫፍ ግማሽ ሜትር ርቆ በ45 ዲግሪ ይያዛል፤ በብዙ ቀናት 105 ዴሲቤል የተለመደ ነው፣ ጸጥ እንዲሉ በተወሰነባቸው ቀናት ከዚያ ይወርዳል፡፡ የድሮ ክፍት ማርሚታ ይህን በቀላሉ ያልፋል፡፡ ስለዚህ ቀን ሲይዙ የዚያን ቀን ወሰን አስቀድመው ይጠይቁ፤ ድምፁ በልጦ የተመለሰ ሰው የከፈለው ገንዘብ በአብዛኛው አይመለስለትም፡፡