የባል መሐላ፣ የሚስት መሐላ



ባል ሲማግጥ «ወንድ ነው፣ ያጋጥማል» ይባላል። ሚስት ስትጠረጠር ግን የልጆቿና የወላጆቿ ክብር ሳይቀር ይነሳል። ይህ ሁለት ሚዛን የእኛ ሰፈር ብቻ ይመስልሻል?

እ.ኤ.አ በ1810 የወጣው የፈረንሳይ የወንጀል ሕግ የማገጠችን ሚስት ከ3 ወር እስከ 2 ዓመት ያስር ነበር። ባል የሚቀጣው ግን ውሽማውን እዚያው ትዳሩ ቤት ካኖረ ብቻ ነው፤ ያውም በገንዘብ። ሕጉ የተሻረው በ1975 ነው። በእንግሊዝም በ1857ቱ ሕግ ባል ለመፍታት የሚስቱ ዝሙት ብቻ ይበቃው ነበር። ሚስት ግን ጭካኔን ወይም ጥሎ መሄድን የመሰለ ሌላ በደል ጨምራ ማስረዳት ነበረባት። እኩል የሆኑት በ1923 ነው።

የኢትዮጵያ የ1996 ዓ.ም የወንጀል ሕግ በማዘጋጃ ቤትም፣ በኒካህም፣ በባህልም የተጋቡትን ባልና ሚስት እኩል ይጠይቃል፤ ያውም የተበደለው ወገን ሲያመለክት።

ከነዚህ ሁሉ ከ1,100 ዓመት በላይ ቀድሞ መዲና ውስጥ ምን ሆነ? ሂላል ኢብን ኡመያ (ረ.ዐ) ሚስቱን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ በዚና ከሰሰ። ምስክር አልነበረውም። ጥብቅ ሴትን ወንጅሎ አራት ምስክር ያላቀረበ ሰው ደግሞ 80 ግርፋት ነው ቅጣቱ። ያኔ የሱረቱ አን-ኑር አንቀጾች (24፥6-9) ወረዱ። ባል እውነተኛ መሆኑን አራት ጊዜ በአላህ ይምላል፤ በአምስተኛው፣ ዋሽቶ ከሆነ የአላህን እርግማን በራሱ ላይ ይጠራል። ሚስትም እሱ ውሸታም መሆኑን አራት ጊዜ ትምላለች፤ በአምስተኛው፣ እሱ እውነተኛ ከሆነ የአላህን ቁጣ በራሷ ላይ ትጠራለች። በመሐላዋም ቅጣቱ ይነሳላታል። ይህ ሊዓን ይባላል። ትዳሩ ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ ግን ማንም ዝሙተኛ ብሎ ሊሰድባት አይችልም።

ልብ በይ እህቴ፦ ምስክር በሌለበት የሷ ቃል የሱን ቃል ያህል ከበደ።

ዛሬስ? ባል ሪያድ፣ ሚስት ደሴ ሆነው በአንድ የኢሞ ወሬ ትዳር ይፈርሳል። በነርስነት ሥራዬም የአባላዘር በሽታ ሲገኝ መጀመሪያ የምትወነጀለው ሴቷ ስትሆን አያለሁ። የላብራቶሪ ወረቀት ማን እንዳመጣው አይናገርም፤ ሁለቱም ይመርመሩ፣ ሁለቱም ይታከሙ። ወሬ ሲደርስሽም «አራቱ ምስክሮች የታሉ?» ብለሽ ጠይቂ፤ ከሌሉ ካንቺ አይለፍ።

ወላሁ አዕለም።